ታዋቂ እንግዳ ወደ ባሕር ዳር ሲበር፦ የቪአይፒ መስተንግዶው ግምገማ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አየር መንገድ ለዘፋኝ፣ ለሯጭ ወይም ለሚኒስትር አየር ላይ ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነው፤ ወንበሩ ሰፋ ይላል፣ መጠጡ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ከዚያ ጣና ብቅ ይላል። እንግዳው ተከብሮ ይግባ ወይም ይንገላታ የሚወሰነው መሬት ላይ ነው፤ ትኬቱ ሲቆረጥ፣ ሻንጣው ሲጫን፣ ደረጃው ሲወረድ፣ መኪናው ሲቆም። ስለዚህ ይህ ግምገማ ወንበሩ ላይ ብዙ አይቆይም። የሚጠቅመውም እንግዳ ለሚያስመጣ ሰው ነው፦ ለኮንሰርት አዘጋጅ፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ ለስብሰባ ፕሮቶኮል፣ የታወቀ ዘመዱን ለሰርግ ለሚጠራ ቤተሰብ።

የሁሉም ነገር መነሻ የትኬት መዝገቡ ነው። እያንዳንዱ ቡኪንግ ስድስት ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፤ አየር መንገዱ እንግዳውን የሚያውቀው እዚያ ውስጥ በተጻፈው ልክ ብቻ ነው። ትኬት ቆራጩ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ ማስገባት ይችላል። አንዱ ኦኤስአይ ይባላል። ይህ መረጃ ብቻ ነው፤ «ተሳፋሪው ቪአይፒ ነው፣ ሥራው ይህ ነው» ይላል እንጂ መልስ አይጠይቅም። ሌላው ኤስኤስአር ነው። ይህኛው ጥያቄ ስለሆነ አየር መንገዱ ወይ ይቀበለዋል ወይ ይመልሰዋል። ዊልቼር፣ ልዩ ምግብ፣ ተቀብሎ የሚያጅብ ሠራተኛ የሚጠየቀው በዚህ በኩል ነው። ብዙ አዘጋጆች «ቪአይፒ ተብሎ ተጽፎለታል» ሲባሉ ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። የገባው ኦኤስአይ ብቻ ከሆነ ግን ማንም ምንም ቃል አልገባላችሁም። ጥያቄው በኤስኤስአር መግባቱንና መረጋገጡን ትኬት ቆራጩ ስክሪኑ ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ከቪአይፒ ጎን ሲአይፒ የሚባል ምልክትም አለ። ቪአይፒ የሚባለው በሥልጣኑ ወይም በዝናው የሚታወቅ ሰው ነው፤ ሲአይፒ ደግሞ ለአየር መንገዱ ብዙ ገቢ የሚያስገባ ደንበኛ ነው፣ ለምሳሌ ሠራተኞቹን ሁሉ በዚያ አየር መንገድ የሚያጓጉዝ የድርጅት ባለቤት። አየር መንገዶች ለሁለተኛው የሚሰጡት ትኩረት ከመጀመሪያው እንደማያንስ ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ ዴልታ 360፣ ዩናይትድ ግሎባል ሰርቪስስ፣ አሜሪካን ኮንሲየርጅኪ የሚሏቸው በግብዣ ብቻ የሚገባባቸው ደረጃዎች አሏቸው፤ ዋና መመዘኛቸውም ደንበኛው የሚያወጣው ገንዘብ እንጂ ፊቱ በቴሌቪዥን መታየቱ አይደለም።

መረጃው የሚበጠሰው የት ነው? ብዙ ጊዜ ትኬቱ ሁለት ቦታ ሲቆረጥ። እንግዳው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ አዲስ አበባ ድረስ በአንድ ቡኪንግ ይመጣል፤ የባሕር ዳሩን ደግሞ አዘጋጁ እዚህ ለብቻው ይቆርጠዋል። የመጀመሪያው ቡኪንግ ላይ ያለው ማስታወሻ ወደ ሁለተኛው በራሱ አይሻገርም። ቦሌ ድረስ ታጅቦ የመጣው ሰው ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል ሲዛወር እንደ ማንኛውም ሰው ሰልፍ ይይዛል፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ሁለተኛው እሱን የመጠበቅ ግዴታ የለበትም። መፍትሔው ጉዞውን ከመነሻ እስከ ባሕር ዳር በአንድ ቡኪንግ መቁረጥ ነው። ካልተቻለ ያንኑ ጥያቄ በሁለቱም ላይ ማስገባት፣ በመሃል ሰፊ ጊዜ መተው፣ ከበረራው አንድ ቀን በፊትም ለአየር መንገዱ የባሕር ዳር ጣቢያ ኃላፊ ደውሎ ስምና የበረራ ቁጥር ማስታወስ ያስፈልጋል። የበረራ ቀን ከተቀየረም ጥያቄዎቹ ከአዲሱ ቀን ጋር መሄዳቸውን እንደገና አረጋግጡ፤ በዚህ ጊዜ ወድቆ የሚቀር ኤስኤስአር ብዙ ነው።

ስምም ራሱን የቻለ ችግር ያመጣል። አርቲስቱ አገር የሚያውቀው ስም ሌላ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ትኬቱ በመድረክ ስም አይቆረጥም፤ አጻጻፉ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ዝነኛው ራሱን ለመደበቅ ሲል በሌላ ስም ይበር የሚለው ወሬም በመደበኛ በረራ ላይ አይሠራም፤ በአሜሪካ ሴኪውር ፍላይት የተባለው አሠራር የተሳፋሪውን ሙሉ ስምና የልደት ቀን ከበረራው በፊት ይጠይቃል። የሚደበቀው ስሙ ሳይሆን ማሳያው ነው፦ ስሙ በር ላይ ባለው ስክሪን እንዳይወጣ፣ በድምፅ ማጉያ እንዳይጠራ። ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ ተቀባዮቹ እንዲያውቁትም የመድረክ ስሙን ማስታወሻው ላይ ማስገባት ይረዳል።

ወንበሩን በአጭሩ። በዚህ መስመር ብዙ ጊዜ የሚበረው ዳሽ 8 ኪው400 የተባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ኪው የምትለዋ ፊደል ጸጥታን ታመለክታለች፤ አውሮፕላኑ ንዝረትንና ድምፅን የሚቀንስ ሥርዓት ተገጥሞለታል። ያም ሆኖ በፕሮፔለሮቹ መስመር ላይ ያሉ ረድፎች ከኋለኞቹ የበለጠ ይሰማቸዋል። አውሮፕላኑ በጠቅላላ ከሰማንያ ሰው አይበልጥም፣ ቢዝነስ ክላስ ሲኖረውም ጥቂት መቀመጫ ነው። ክላውድ ናይን የሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ በረጅም በረራ የሚያስደስተውን ተኝቶ መሄድ እዚህ መጠበቅ አይገባም። ታዲያ ገንዘቡ ይገባዋል? ለወንበሩ ከሆነ አይገባውም። ለቼክ ኢን ሰልፉ፣ ለተጨማሪ ሻንጣውና ቀድሞ ለመውረዱ ከሆነ ይገባዋል። እንግዳው ሼባ ማይልስ በተባለው የአየር መንገዱ የደንበኞች አባልነት ላይ ጎልድ ወይም ፕላቲነም ከሆነ ግን የስታር አሊያንስ ጎልድ መብት አለው፤ ቅድሚያ ቼክ ኢን፣ ቅድሚያ መሳፈር፣ ቅድሚያ የሻንጣ አያያዝ፣ ተጨማሪ ኪሎ። ኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የዚህ ጥምረት አባል ስለሆነ በሌላ አባል አየር መንገድ የተገኘ ጎልድም ያገለግላል። እንዲህ ላለው እንግዳ ኢኮኖሚ ከፊት ረድፍ ቆርጦ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ መኪና ማዋል የተሻለ ነው። የአባልነት ቁጥሩ ቡኪንጉ ውስጥ ካልገባ ግን ካርዱ ቦርሳ ውስጥ መኖሩ ብቻውን አያስተማምንም።

ስለ መሳፈሪያ ቅደም ተከተል የሚነገረው አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ቪአይፒ ሁሌ ቀድሞ ይገባል ይባላል። ተርሚናሉን ከአውሮፕላኑ በር በሚያገናኝ ቱቦ በሚሳፈሩበት ኤርፖርት ቀድሞ መግባት ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ያም ቢሆን ፊት ረድፍ የተቀመጠውን ዝነኛ ሰባና ሰማንያ ሰው እያየው፣ ስልኩን እያወጣ ያልፋል። በአውቶቡስ በሚወሰዱበት በረራ ደግሞ ቀድሞ የገባው ሰው መጨረሻ የሚገባውን ተሳፋሪ እየጠበቀ በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ ይቆማል። ለታወቀ ሰው የሚሻለው ተርሚናል ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ በመጨረሻ መግባት ነው። ይህ የሚሠራው ግን አጃቢው ሠራተኛ በሩ ላይ ካለው ባልደረባው ጋር ሲነጋገር፣ እንግዳውም ሲጠራ ወዲያው ሲነሳ ነው። «እየመጣ ነው» እየተባለ አውሮፕላን የሚያስቆም እንግዳ የሌሎችን ሰዓት ይወስዳል፤ በሰዓቱ ካልደረሰ በሩ ቢዘጋበት ቅር የሚያሰኝ አይደለም። ሻንጣው ተጭኖ እሱ ከቀረ ደግሞ ሻንጣው ተፈልጎ መውረድ ስላለበት መዘግየቱ ለሁሉም ይተርፋል።

ባሕር ዳር ላይ ተሳፋሪው በደረጃ ወርዶ በእግሩ ወደ ተርሚናሉ ይሄዳል። የኪው400 ደረጃ ጠባብ ነው፣ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚወርደው። ለወጣት ዘፋኝ ይህ ምንም አይደለም። ለአረጋዊ እንግዳ ግን የጉዞው ከባዱ ክፍል ይህ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ከሚመጡት የተከበሩ እንግዶች መካከል ደግሞ አረጋውያን ጥቂት አይደሉም፦ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄዱ አባቶች፣ አንጋፋ አርቲስቶች፣ ለስብሰባ የሚጠሩ የቀድሞ መሪዎች። ዊልቼር ሲጠየቅ ሦስት ደረጃ አለ። አንደኛው ደረጃ መውጣትና መውረድ የሚችል፣ ረጅም መንገድ ብቻ የሚከብደው ሰው ነው። ሁለተኛው ደረጃ መውጣት የማይችል፣ አውሮፕላን ውስጥ ግን ጥቂት የሚራመድ ነው። ሦስተኛው እስከ ወንበሩ ድረስ መያዝ ያለበት ነው። ትኬት ቆራጮች ሳይጠይቁ የመጀመሪያውን ያስገባሉ፣ ቤተሰብም «ዊልቼር ተይዟል» ብሎ ይረጋጋል። ከዚያ አባት ደረጃው ራስጌ ላይ ይደርሱና ዊልቼሩ ታች ቆሞ ይታያል። በዚያ ሰዓት ሁለት ጎረምሳ ይጠራና ይሸከማቸዋል፤ አደጋም ነው፣ በሕዝብ ፊት መዋረድም ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ በትክክል መልሱ፦ እንግዳው አሥር ደረጃ ብቻቸውን ይወርዳሉ ወይስ አይወርዱም? ካልወረዱ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይጻፍ፣ በጣቢያው ምን ዓይነት ማንሻ ወይም የሰው ኃይል እንደሚዘጋጅም ከአንድ ቀን በፊት ይጠየቅ። እኚህ እናት ወይም አባት ከማንኛውም ዝነኛ ቀድመው መሳፈር ይገባቸዋል። በዚህ ላይ የሚደራደር ጣቢያ መልካም አገልግሎት ሰጠ ሊባል አይችልም።

ሎውንጅና ሳሎን ሁለት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ሎውንጁ የአየር መንገዱ ማረፊያ ክፍል ነው፤ የሚገባው በቢዝነስ ትኬት ወይም በአባልነት ደረጃ ነው። ቪአይፒ ሳሎኑ ግን የፕሮቶኮል ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ ዲፕሎማትና በደብዳቤ የተፈቀደለት እንግዳ የሚስተናገድበት ነው። ትኬት ቆራጭ ሳሎን ሊሸጥላችሁ አይችልም። እንግዳው ይገባዋል ብላችሁ ካመናችሁ ጋባዡ መሥሪያ ቤት ስም፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የበረራ ቁጥር፣ የተቀባዮቹን ዝርዝርና የመኪናውን ታርጋ ጠቅሶ ደብዳቤ ይጻፍ። ታርጋው የሚረሳው ነገር ነው፤ እሱ ከቀረ እንግዳው ሳሎን ገብቶ መኪናው አጥር ውጭ ይቀራል።

ውጭ አገር ይህ ነገር ንግድ ሆኗል። ሉፍታንዛ ፍራንክፈርት ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 ለፈርስት ክላስ ብቻ የተሠራ ተርሚናል ከፍቷል፤ ፍተሻውና የፓስፖርት ቁጥጥሩ እዚያው ተጠናቆ እንግዳው በመኪና አውሮፕላኑ ድረስ ይወሰዳል። ሎስ አንጀለስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው ፒኤስ ይህንኑ በማንኛውም አየር መንገድ ለሚበር ከፋይ ይሰጣል፤ ለንደን ሂትሮው ላይም ዊንድዘር የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። የእነዚህ ሁሉ ዋና ሸቀጥ ሶፋውና ምግቡ ሳይሆን ከሕዝቡ መለየቱ ነው፤ ዝነኛው ሰው በዋናው ተርሚናል ውስጥ ሳያልፍ አውሮፕላኑ ጋ ይደርሳል። ባሕር ዳር ይህን ሁሉ አያስፈልጋትም። ትንሽ ኤርፖርት የራሱ ጸጋ አለው፤ ከአውሮፕላን እስከ መንገድ ያለው ርቀት አጭር ነው፣ ጥቂት ሠራተኞች ሁሉንም ያውቃሉ። ከእነዚያ መቅዳት የሚገባው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሠራተኛ፣ በስም የታወቀ፣ ከአውሮፕላኑ ደረጃ እስከ መኪናው በር ድረስ እንግዳውን የማይለቅ።

ከፍተሻ ዝና አያድንም። ለዘፋኝም ለኳስ ተጫዋችም ሕጉ አንድ ነው። ዲፕሎማት እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገው የቪየና ስምምነት መሠረት የግል ሻንጣው በከባድ ምክንያት ካልሆነ በቀር እንዳይፈተሽ መብት አለው፣ የዲፕሎማቲክ ፖስታውም አይከፈትም፤ ያም ሆኖ አየር መንገድ ያልተፈተሸ ነገር አልጭንም ሊል ይችላል። አጃቢ ጠባቂ ሽጉጥ ይዞ ካቢን ውስጥ እገባለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም። መሣሪያ ካለ ጉዳዩ ከጸጥታ ክፍሉ ጋር ቀድሞ ያልቃል እንጂ በር ላይ አይከራከሩበትም።

ሻንጣ ላይ ሰፋ አድርገን እንይ፣ ምክንያቱም ኮንሰርት የሚበላሸው እዚህ ነው። ቅድሚያ የሚል ካርድ የታሰረበት ሻንጣ ቀድሞ የሚወጣው በመጨረሻ ከተጫነ ብቻ ነው። ኪው400 ሻንጣ በኮንቴይነር አይጭንም፣ በእጅ ይደረደራል፤ ቀድሞ የገባው ከውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ካርዱ መታሰሩን ብቻ ሳይሆን ጫኞቹ እንዲለዩት መነገሩን አረጋግጡ። ካርድ ሳይታሰርበት በጣም ቀድሞ ቼክ ኢን የተደረገ ሻንጣ ከሥር ይቀመጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች፤ ከፍታና ሙቀት ሲደመሩ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላን መሸከም የሚችለው ይቀንሳል። በረራው ሲሞላና ክብደቱ ሲያልፍ የሚቀረው ሰው ሳይሆን ሻንጣ ነው፣ በሚቀጥለው በረራ ይመጣል። ለዚህ ነው የመድረክ ልብስ፣ መድኃኒትና የማታው ዝግጅት ያለሱ የማይሆን ነገር ሁሉ በእጅ ሻንጣ መሆን ያለበት። ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ ከአርቲስቱ ጋር አይምጣ፤ ከአንድ ቀን በፊት በጭነት ወይም በመኪና ይላክ። ማሲንቆና ክራር በእጅ ይያዙ፤ የላይኛው መደርደሪያ ትንሽ ስለሆነ ግን መጠናቸውን ተናግራችሁ ቀድማችሁ አስፈቅዱ። የካሜራ ሰዎች መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪ በጭነት ሻንጣ አይከትቱ፤ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከ160 በላይ የሆነው ከተሳፋሪ ጋር አይሄድም። ድሮን ያለ ፈቃድ ከመጣ ከመወረስ አያመልጥም።

ምስጢር የሚያወጣው ብዙ ጊዜ የራስ ወገን ነው። ማናጀሩ «ወደ ባሕር ዳር!» ብሎ የቦርዲንግ ፓሱን ፎቶ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ይለጥፋል። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው የቡኪንግ መለያና የአባት ስም ሲደመር ቡኪንጉን ከፍቶ ማየት ያስችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የቀድሞው የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አቦት የቦርዲንግ ፓሳቸውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ካወጡ በኋላ አንድ የኮምፒውተር አዋቂ ከዚያ ተነስቶ የፓስፖርትና የስልክ ቁጥራቸውን ማግኘት ችሏል። ባርኮዱም ሲነበብ ያንኑ መረጃ ይሰጣል፤ ስሙን ብቻ መሸፈን በቂ አይደለም። የመድረሻ ሰዓትም አይለጠፍ። አድናቂ ለመቀበል ከፈለጋችሁ ሆቴሉ ወይም አደባባዩ ላይ ሰዓት ቀጥሩለት፤ የኤርፖርት በር ላይ የሚሰበሰብ ሕዝብ የሌሎችን ተሳፋሪዎች ሻንጣና ሕፃናት ያጨናንቃል። አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ሰልፊ በመሳፈሪያ ሰዓት መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ጎበዝ አስተናጋጅ «ካረፍን በኋላ» ብላ በፈገግታ ታልፈዋለች፣ እንግዳውም ከወረደ በኋላ ለአንድ ለሁለት ሰው ቢቆም ሁሉም ደስ ይለዋል።

የጾም ምግብም ይነሳል። ለረጅም በረራ ልዩ ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይታዘዛል፤ ለጿሚ የሚስማማው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነው ነው። በባሕር ዳሩ አንድ ሰዓት ግን በውሃና በመክሰስ ብቻ ተዘጋጁ፣ የአባቶችን ምግብ ሆቴሉ ይዞ ይጠብቅ።

የከተማዋ ትልቁ ፈተና የሚመጣው መሪዎች ሲሰበሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የጣና ፎረም በርካታ የአፍሪካ መሪዎችን ወደ ባሕር ዳር አምጥቷል። የመሪ አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሳ ሌላው በረራ ይጠብቃል። እንዲህ ባለ ሳምንት ከስብሰባው ጋር ግንኙነት የሌለው እንግዳ የሚያስመጣ ሰው ቀኑን ቢቀይር ይሻለዋል።

ክረምት ላይ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይበዛል። የማታ ዝግጅት ያለው አርቲስት በዚያው ቀን የከሰዓት በረራ አይያዝለት፤ ከአንድ ቀን በፊት ይግባ። በረራ ከተሰረዘ በቀጣዩ ላይ ያለው ክፍት ወንበር ጥቂት ነው፣ ቪአይፒ የሚለው ምልክትም የሌለ ወንበር አይፈጥርም። ያን ጊዜ በእጃችሁ ያለው የአባይን በረሃ የሚያቋርጠው የመኪና መንገድ ብቻ ነው።

የመመለሻ ጉዞውን ግን ማንም አያቅደውም። ሲመጣ በአበባ የተቀበሉት እንግዳ ሲሄድ በባጃጅ ሲሸኝ ይታያል። የመመለሻው ቡኪንግ ላይም ያው ኤስኤስአር ይግባ፣ አጃቢው ሠራተኛ ከአንድ ቀን በፊት ስሙ ይታወቅ፣ የስጦታው እቃ ሆቴል ውስጥ ይመዘን። ማር ፈሳሽ ተብሎ ስለሚቆጠር በጭነት ሻንጣ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይግባ። የዘጌ ቡና ግን በእጅም ይሄዳል።